ከመንጃ ፈቃድ በኋላ ያለው ዓመት፦ የአሜሪካ ትላልቅ የጭነት ኩባንያዎችና የሹፌር ሥልጠና ጥያቄ

አንድ ሰው በአሜሪካ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ይዞ አውራ ጎዳና ላይ ከመውጣቱ በፊት ስንት ሰዓት መሠልጠን አለበት? የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት በዚህ ጥያቄ ሩብ ክፍለ ዘመን ከተከራከረ በኋላ የሰጠው መልስ ቁጥር የለበትም። ሙሉ ጭነት የያዘ ባለ ተሳቢ እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሰዓት 65 ማይል ሲበር ፍሬን ቢያዝ እስኪቆም 160 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የቤት መኪና ግን በዚያው ፍጥነት 100 ሜትር ሳይሞላ ይቆማል። ትላልቅ የጭነት መኪኖች በተሳተፉባቸው አደጋዎች በ2022 ከ5,900 በላይ፣ በ2023 ደግሞ ከ5,400 በላይ ሰዎች ሞተዋል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአሥር ሟቾች ሰባቱ ገደማ ከከባድ መኪናው ጋር በተጋጨ ሌላ ተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ናቸው። የሹፌሩን ብቃት ማነስ ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መንጃ ፈቃድ አውጥተው በዚህ ሙያ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ የመጀመሪያውን መሪ የሚሰጣቸውም ብዙውን ጊዜ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ ነው።

የተለመደው ክርክር የሚያጠነጥነው በሰዓት ብዛት ላይ ነው። የሰዓት ገደብ ይኑር የሚለውም ሆነ አይኑር የሚለው ወገን በአብዛኛው የሚያወራው ፈቃድ ከመያዙ በፊት ስላለው ትምህርት ነው። ማስረጃዎቹ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ትልቁ ክፍተት ያለው ፈቃዱ ከተያዘ በኋላ ባሉት ወራት ነው። እነዚያን ወራት የሚገዛ ፌዴራላዊ የሥልጠና መለኪያ የለም። መለኪያ በሌለበት ደግሞ ሥልጠናውን የሚቀርጸው የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሥልጠናን ጥያቄ ከደመወዝና ከሹፌር መፈራረቅ ጥያቄ ነጥሎ መመለስ አይቻልም።

አመጣጡ፦ ከቁጥጥር ወደ ክፍት ገበያ

የአሜሪካ የጭነት ማጓጓዣ በፌዴራል ደረጃ ሥርዓት የያዘው በ1935 በወጣ ሕግ ነው። ያ ሕግ ማን፣ የት፣ በምን ዋጋ እንደሚጭን በመንግሥት ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር አዋለ፤ ብዙም ሳይቆይ የሹፌሮች የሥራ ሰዓት ገደብ ተከተለ። ስለ ሥልጠና ግን የተባለ ነገር አልነበረም፤ ሹፌር ሥራውን የሚማረው ከሥራው ነበር። ያም ሆኖ ኩባንያዎቹ በዋጋ እምብዛም ስለማይሻሙና ቲምስተርስ የተባለው የሠራተኛ ማኅበር ጠንካራ ስለነበር፣ ብዙ ሹፌር በአንድ ቤት ለዓመታት ይቆይ ነበር፤ ልምድም እዚያው ይከማች ነበር። በ1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ይህን ገበያ ከፈተው። የማጓጓዣ ዋጋ ወረደ፣ አዳዲስ ኩባንያዎች ጎረፉ፣ የማኅበሩ ጉልበት ተዳከመ፣ የረጅም ርቀት ሹፌር ገቢ አሽቆለቆለ። ሸማቹ ከዚህ ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ልምድ ያለውን ሹፌር በአንድ ቦታ ያቆይ የነበረው ማሰሪያ አብሮ ላላ። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ቤልዘር በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው የተከራከረበት ነጥብ ይኸው ነው።

በዚያ ጊዜ የፈቃዱ ሥርዓት ራሱ የተዝረከረከ ነበር። በብዙ ግዛቶች የቤት መኪና መንዳት የተፈቀደለት ሰው ባለ ተሳቢ መንዳት ይችል ነበር፤ ከተለያዩ ግዛቶች ሁለትና ሦስት ፈቃድ አውጥቶ ቅጣቱን እየበታተነ የሚነዳም ነበር። በ1986 የወጣው ሕግ ይህን ዘጋ። አንድ ሹፌር አንድ ፈቃድ ብቻ እንዲይዝ፣ ፈተናውም በፌዴራል ዝቅተኛ መለኪያ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ግዛቶች እስከ ሚያዝያ 1992 ድረስ እንዲያሟሉት ተገደዱ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ሲዲኤል ያቋቋመው ፈተናን ነው፤ ትምህርትን አይደለም። ተፈታኙ መኪናውን ሲመረምር፣ ወደኋላ ሲያስጠጋ፣ መንገድ ላይ ሲነዳ ይታያል፤ ያንን ችሎታ በሦስት ወር ያግኘው ወይም በሦስት ቀን ሕጉ አይጠይቅም ነበር።

ሩብ ክፍለ ዘመን የፈጀ ደንብ

ኮንግረስ በ1991 የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ለጀማሪ ሹፌሮች የሥልጠና ደንብ የማውጣት ሂደት እንዲጀምር አዘዘ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሚኒስቴሩ የተሠራ ጥናት፣ ኢንዱስትሪው ለከባድ መኪና ሹፌሮች የሚሰጠው ሥልጠና በቂ እንዳልሆነ አመለከተ። ሆኖም በ2000 ሥራ የጀመረው የፌዴራል የሞተር አጓጓዦች ደኅንነት አስተዳደር በ2004 ያወጣው ደንብ አራት ርእሶችን ብቻ የያዘ ነበር፦ የሹፌር ብቃት መስፈርት፣ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሹፌር ጤናና ጥፋትን ለሚያጋልጥ ሠራተኛ የሚሰጥ ጥበቃ። መሪ ጨብጦ መለማመድ በውስጡ አልነበረም። የደኅንነት ተሟጋቾች ከሰሱ፤ በ2005 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱ የራሱን ጥናት ወደ ጎን ትቶ ደንብ ማውጣቱ ተገቢ እንዳልሆነ ወሰነ።

በ2007 መሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት ያለው ረቂቅ አቀረበ፤ ከዓመታት ውዝግብ በኋላ በ2013 አነሣው። ኮንግረስ በ2012 ሌላ ሕግ አውጥቶ እንደገና ስላስገደደ፣ በ2015 ኩባንያዎችን፣ የግል ባለ መኪኖችን፣ የሠራተኛ ማኅበርንና የደኅንነት ተሟጋቾችን ያቀፈ ኮሚቴ ተቀመጠ። ከኢንዱስትሪው ወገን ተቃውሞ ቢኖርም፣ በመጋቢት 2016 የወጣው ረቂቅ ለትልቁ የፈቃድ ደረጃ 30 ሰዓት መሪ ጨብጦ መለማመድን አስገዳጅ አድርጎ ነበር። በታኅሣሥ 2016 የመጨረሻው ደንብ ሲወጣ ያ ቁጥር ተሰርዟል። በምትኩ አሠልጣኙ «ተማሪው በቅቷል» ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ መለማመድ የሚል መርህ ገባ። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው ከሁለት ዓመት መዘግየት በኋላ በየካቲት 7 ቀን 2022 ነው። ዛሬ ጀማሪው በንድፈ ሐሳብ ፈተና 80 በመቶ ማግኘት አለበት፤ በተግባር ደግሞ በግቢ ውስጥና በሕዝብ መንገድ ላይ ተለማምዶ በአሠልጣኙ ሚዛን መብቃት አለበት።

ሰዓት ወይስ ብቃት?

ሰዓት አያስፈልግም የሚሉት ወገኖች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሰው በእኩል ፍጥነት አይማርም፤ አንዱ በ20 ሰዓት የሚችለውን ሌላው በ60 ሰዓት ላይችለው ይችላል፤ ሰዓት መቁጠር መቀመጥን እንጂ ማወቅን አይለካም ይላሉ። ከኩባንያዎቹ ማኅበር ጋር የተያያዘው የአሜሪካ ትራንስፖርት ምርምር ተቋም በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ዕድሜና የቅጥር ቆይታ ከግምት ሲገቡ፣ በትምህርት ሰዓት ብዛትና በአዳዲስ ሹፌሮች የአደጋ መዝገብ መካከል ግንኙነት አላገኘም። መሥሪያ ቤቱም ቁጥሩን ሲሰርዝ ያቀረበው ዋና ምክንያት፣ ሰዓት አደጋን እንደሚቀንስ የሚያሳይ በቂ መረጃ የለም የሚል ነበር።

ይሁን እንጂ «ማስረጃ አልተገኘም» እና «ልዩነት እንደሌለ ተረጋገጠ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የ2008ቱ ጥናት ያነጻጸረው መደበኛ ትምህርት ቤት ያለፉ ሹፌሮችን እርስ በርስ ነው። ረጅም ኮርስ ከመካከለኛ ኮርስ ላይለይ ይችላል፤ በጥቂት ቀን ለፈተና ብቻ ከተዘጋጀ ሰው ጋር ግን ልዩነት የለውም ማለት ከዚያ አይገኝም። ከዚህም በላይ ብቃትን መለኪያ ማድረግ የሚያስኬደው መዛኙ ከውጤቱ የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ብቻ ነው። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ዋና ኦዲተር በ2019 ያቀረበችው ሪፖርት ይህን በግልጽ ያሳያል። ኩባንያዎች የራሳቸውን ሹፌሮች እንዲፈትኑ በሚፈቅደው መርሃ ግብር ከተፈታኞቹ 95 በመቶ ሲያልፉ፣ በመደበኛ መፈተኛ ጣቢያ ያለፉት 69 በመቶ ነበሩ። የተሻለ ስላስተማሩ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በመርሃ ግብሩ ከነበሩት 106 ኩባንያዎች ሩቡ በጥፋታቸው በደረሰ ግጭት ከክፍለ ሀገሩ አጓጓዦች ሁሉ እጅግ የከፋው 1 በመቶ ውስጥ ተገኝተዋል።

ሌሎች አገሮች ሰዓትን መርጠዋል። ኦንታሪዮ በሐምሌ 2017 ለጀማሪዎች 103.5 ሰዓት አስገዳጅ አደረገች። በሚያዝያ 2018 በሳስካችዋን አንድ ከባድ መኪና የቁም ምልክት አልፎ ከሃምቦልት ብሮንኮስ የሆኪ ቡድን አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ 16 ሰው ሲሞት፣ ሹፌሩ በቅርቡ የተቀጠረ፣ ልምዱም የሳምንታት ብቻ መሆኑ ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት ሳስካችዋን 121.5፣ አልበርታ ደግሞ 113 ሰዓት አስገዳጅ አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ባወጣው መመሪያ የጭነት ሹፌር ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ይጠይቃል። አንዱ መንገድ 280 ሰዓት ያለው ኮርስ ነው፣ የተፋጠነው 140 ነው፤ ከዚያም በየ5 ዓመቱ 35 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለ። ይህም እንከን አለበት። በብሪታንያ ለምሳሌ በየ5 ዓመቱ የሚሰጠው ትምህርት መገኘትን እንጂ ፈተና ማለፍን ስለማይጠይቅ፣ ብዙ ሹፌሮች ሰዓት መሙላት ብቻ ነው ብለው ይተቹታል። ከሁለቱም ወገን የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ሰዓት ያለ ፈተና ባዶ ነው፤ ገለልተኛ ባልሆነ መዛኝ እጅ ያለ ብቃትም እንዲሁ። ዝቅተኛ ሰዓት የሚያስፈልገው ሰዓቱ ራሱ ስለሚያስተምር ሳይሆን፣ ለመቸኮል ምክንያት ያለው አሠልጣኝ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ወለል ስለሚሆን ነው።

ሕጉ የማያየው ጊዜ

አሁን ክርክሩ ብዙም ወደማይደርስበት ቦታ እንግባ። ሲዲኤል የያዘ ሰው ገና ብቻውን የሚሠራ ሹፌር አይደለም፤ ይህን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። አነስተኛ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ልምድ የሌለውን ሰው አይቀጥሩም፤ ኢንሹራንሳቸው አይፈቅድላቸውም። ኪሳራን በራሳቸው መሸፈን የሚችሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ስለዚህ የሙያው በር በእነሱ እጅ ነው። አዲሱ ሹፌር እዚያ ሲገባ ለተወሰኑ ሳምንታት ከአሠልጣኝ ጋር በአንድ ጋቢና እየኖረ ይሠራል። መንዳትን በእውነት የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው፦ ጠባብ ግቢ ውስጥ ተሳቢን ወደ መጫኛው ማስጠጋት፣ ረጅም ቁልቁለትን በማርሽ መውረድ፣ ነፋስ ላይ ባዶ ተሳቢ መያዝ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ራስን አውቆ መቆም። የ2022ቱ ደንብ የሌሊት ጉዞን፣ በረዶንና መንሸራተትን በትምህርቱ ውስጥ ይጠቅሳል፤ ተማሪው እነዚህን በተግባር ችሎ እንዲያሳይ ግን አያስገድድም። ሐምሌ ላይ ፊኒክስ የሠለጠነ ሹፌር የመጀመሪያውን በረዶ በዋዮሚንግ ተራሮች ላይ፣ ከ30 ቶን በላይ ይዞ ሊያየው ይችላል።

እዚህ ላይ ሕጉ ውስጥ ያለው ልዩነት በደንብ መታየት አለበት። ከፈቃድ በፊት የሚያስተምር አሠልጣኝ በደንቡ መሠረት ቢያንስ የ2 ዓመት የመንዳት ወይም የማስተማር ልምድ ሊኖረው ይገባል። ከፈቃድ በኋላ ከአዲሱ ሹፌር ጋር ግዛት የሚያቋርጠው አሠልጣኝ ግን በፌዴራል ደረጃ የሚጠየቀው ልምድ የለም። በልምምድ ፈቃድ የሚነዳ ሰው አጠገብ ባለ ፈቃዱ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ተማሪው የተግባር ፈተናውን አልፎ ካርዱን ብቻ እየጠበቀ ከሆነ ግን፣ መሥሪያ ቤቱ ከ2015 ጀምሮ መጀመሪያ ለሲ.አር. ኢንግላንድ፣ በኋላም ለሌሎች ትላልቅ ኩባንያዎች አሠልጣኙ ከፊት ወንበር እንዲነሣ ፈቅዷል። በ2024 ይህን ለሁሉም ለማድረግ ረቂቅ ቀርቧል። ካርዱ ከተያዘ በኋላ ደግሞ አጠገቡ ማንም እንዲኖር ሕጉ አያዝም። የሥራ ሰዓት ሕጉ አንድ ሹፌር ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት እንዲነዳ ይፈቅዳል፤ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ሲነዳ መኪናው ቀንና ሌሊት ሊሄድ ይችላል። አሠልጣኙ መኪናው በሄደበት ማይል ሁሉ በሚከፈልበት ቤት፣ ተማሪው ሲነዳ እሱ ቢተኛ ይጠቀማል፤ ነቅቶ አጠገቡ ቢቀመጥ የራሱን የመንዳት ሰዓት ያቃጥላል።

ይህ ጉዳይ አደባባይ የወጣበት መዝገብ አለ። በታኅሣሥ 30 ቀን 2014 በቴክሳስ ኦዴሳ አቅራቢያ፣ ኢንተርስቴት 20 በረዶ ሆኖ ሳለ አንድ ፒክአፕ ተንሸራትቶ የመሐል ሜዳውን አቋርጦ ወርነር ኢንተርፕራይዝስ ከተባለው የጭነት ኩባንያ ከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። የ7 ዓመት ልጅ ሞተ፤ ሌሎችም ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። የከባድ መኪናው መሪ በአዲስ ሠልጣኝ እጅ ነበር፤ አሠልጣኙ ከጀርባ ባለው አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። ከሳሾች ኩባንያው ልምድ የሌለውን ሰው በአስቸኳይ ጭነት ልኳል፣ መንገዱ መብረዱን የሚያውቅበትን የውጭ ሙቀት መለኪያ እንኳ አላሟላለትም ብለው ተከራከሩ። በ2018 የሂውስተን ዳኞች ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። በሰኔ 2025 ግን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ለአደጋው ምክንያት የሆነው የፒክአፑ ድንገት መስመር ጥሶ መምጣት ነው አለ። ሁለቱም ውሳኔዎች ያስተምራሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለው ግጭቱን ያመጣው ወርነር አይደለም ነው፤ በረዶ ላይ ሠልጣኝ ብቻውን እየነዳ አሠልጣኙ መተኛቱ ደግ ሥልጠና ነው አላለም። ፍርድ ቤት የሚመዝነው የአንድን አደጋ መንስኤ ነው፤ መልካም መለኪያ ምን መሆን እንዳለበት እንዲነግረን ከእሱ መጠበቅ የለብንም።

ማይል፣ ዕዳና መፈራረቅ

ትላልቅ የረጅም ርቀት ኩባንያዎች ለምን እንዲህ ይሠራሉ? ኃላፊዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የኢንዱስትሪው ማኅበር ራሱ ለብዙ ዓመታት እንደዘገበው፣ በትላልቆቹ የሙሉ ጭነት ኩባንያዎች ዓመታዊ የሹፌር መፈራረቅ ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። አነስተኛ ጭነቶችን አሰባስበው በመደበኛ መስመር በሚያደርሱት ኩባንያዎች ግን ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ክፍያውም የተሻለ ነው፣ ሹፌሩም ቶሎ ቶሎ ቤቱ ይገባል። ከ1938ቱ የሠራተኛ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ የተደረገው የረጅም ርቀት ሹፌር የሚከፈለው በአብዛኛው በማይል ነው፤ መጫኛ ላይ የሚጠብቅበት፣ መኪና የሚመረምርበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ሹፌሩ ዓመት ሳይሞላ እንደሚሄድ የሚያውቅ ኩባንያ ደግሞ በእሱ ላይ ረጅም ሥልጠና ለማፍሰስ ምክንያት ያጣል። ስለዚህ ያሳጥራል፣ ወይም ወጪውን በሠልጣኙ ላይ ይጥላል። ውሉ «ዓመት ካልሠራህ የትምህርቱን ሺዎች ዶላር ትመልሳለህ» ይላል። ኢኮኖሚስቶቹ ሚቸል ሆፍማንና ስቲቨን በርክስ እንዳሳዩት እንዲህ ያለው ውል መልቀቅን በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን የደከመውን ወይም የፈራውን ጀማሪም መሪው ላይ ያስረዋል። በ2019 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተወሰነው ኒው ፕራይም በተባለው የጭነት ኩባንያ መዝገብ፣ ከሳሹ በልምምድ ስም 10,000 ማይል ያለ ክፍያ እንደነዳ ገልጿል። ጭነቱ ደርሷል፤ ገቢውም ተገኝቷል። ይህ ሥልጠና ነው ወይስ ርካሽ ጉልበት የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ ምሳሌም አለ። ጄ.ቢ. ሃንት የተባለው የጭነት ኩባንያ በ1997 የሹፌሮቹን ክፍያ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ከፍ አድርጎ፣ ከማሠልጠኛ በቀጥታ የወጡ ጀማሪዎችን መቅጠር አቆመ። ዳንኤል ሮድሪገስ፣ ቤልዘርና ባልደረቦቻቸው የኩባንያውን መዝገብ ተንትነው መልቀቅም አደጋም እንደቀነሱ፣ ክፍያ ከአደጋ መጠን ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ግን ይህ ማስረጃ ገደብ አለው። ክፍያ ሲጨምር የሚመጣው ሰው ይለወጣል፤ ሹፌሩ ስለተከፈለው ነው የተጠነቀቀው ወይስ ጥንቁቅ ሹፌር ስለተቀጠረ? ደግሞም ሁሉም ኩባንያ ጀማሪን ካልቀጠረ ልምድ ከየት ይመጣል? በኮንግረስ ትእዛዝ የክፍያንና የደኅንነትን ግንኙነት ያጠናው የብሔራዊ አካዳሚዎች ኮሚቴ በ2024 ሪፖርቱ፣ የአከፋፈል ዘዴ በደኅንነት ላይ ያለውን ውጤት ለይቶ ለመናገር ያለው መረጃ በቂ አይደለም ብሏል። ከፍ ያለ ክፍያ ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑንም በ2014 በኒው ጀርሲ የደረሰው አደጋ ያስታውሳል። በጥሩ ክፍያና ልምድ በመጠየቅ የሚታወቀው የዋልማርት መኪና ኮሜዲያን ትሬሲ ሞርጋን የነበረበትን ቫን ገጨ፤ አንድ ሰው ሞተ። መርማሪዎች ሹፌሩ 28 ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየቱን አረጋገጡ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከቤቱ ከጆርጂያ እስከ ደላዌር ሌሊቱን ነድቶ ነበር። ድካምን ማስተዳደር የራሱ ትምህርት ይፈልጋል፤ በደመወዝ አይተካም።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የቤት መኪና ነጂዎች ነው የሚል ነው። ከ2001 እስከ 2003 የደረሱ 963 አደጋዎችን የመረመረው ትልቁ የፌዴራል ጥናት በከፊል ይደግፈዋል፦ አንድ ከባድ መኪናና አንድ የቤት መኪና በተጋጩባቸው አደጋዎች ወሳኙ ምክንያት ለከባድ መኪናው የተሰጠው በ44 በመቶው ነው። ግን ያ ጥናት «ወሳኝ ምክንያት» ያለው ግጭቱን የማይቀር ያደረገውን የመጨረሻ ነገር እንጂ ጥፋትን አይደለም። ወሳኙ ምክንያት በከባድ መኪናው ላይ በወደቀባቸው አደጋዎች ደግሞ 87 በመቶው የተያያዘው ከሹፌሩ ጋር ነው፤ ከመኪናው ብልሽት ጋር የተያያዘው 10 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ የሌላውን ስሕተት አስቀድሞ አይቶ ርቀት መጠበቅ ራሱ የሥልጠና ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥራውን ለቴክኖሎጂ ይሰጣል። የሥራ ሰዓትን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መመዝገብ ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አስገዳጅ ሆነ። አሌክስ ስኮት፣ አንድሩ ባልትሮፕና ጄሰን ሚለር ባደረጉት ጥናት፣ የሰዓት ሕግ መጣስ ቀነሰ፤ አደጋ ግን አልቀነሰም፤ በአነስተኛ ኩባንያዎች ዘንድ በፍጥነት መንዳት ጨመረ። ሰዓቱ ሲቆለፍ ክፍያው ግን በማይል ሲቀር፣ የቀረው መንገድ መፍጠን ነበር። በራሱ የሚይዝ ፍሬንና ካሜራ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን መሣሪያ የሹፌሩን ጥቅም ሳይለውጥ ባህርይውን ብቻ ሲጫን ግፊቱ በሌላ በኩል ይወጣል።

ሦስተኛው የሹፌር እጥረት ነው። የኢንዱስትሪው ማኅበር በ2021 የ80,000 ሹፌር ጉድለት አለ ብሎ ገምቶ ነበር፤ ጥብቅ መለኪያ እጥረቱን ያባብሰዋል ይላሉ። በርክስና ክሪስተን ሞናኮ በ2019 ባሳተሙት ትንተና ግን፣ የሹፌር ገበያ ከሌሎች የሥራ ገበያዎች እምብዛም የተለየ እንዳልሆነ፣ ክፍያ ሲጨምር ሰው እንደሚመጣ አሳይተዋል። በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው ሲዲኤል ያወጣል፤ ችግሩ መግባት ሳይሆን መቆየት ነው። የተሻለ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ ለመቆየት ምክንያት ይሆናል።

የ2025 ክርክርና ያልተቋጩ ነጥቦች

በ2025 ክርክሩ ወደ ቋንቋና ወደ ዜግነት ዞረ። ሹፌር መንገድ ላይ ለመግባባት የሚበቃ እንግሊዝኛ ይቻል የሚለው ደንብ ድሮም ነበረ፤ ከ2016 ጀምሮ በዚህ ብቻ ከመንገድ ማውረድ ቀርቶ ነበር። በሚያዝያ 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቅጣቱን መለሰው፤ ከሰኔ ጀምሮም ፈተናውን የወደቀ ሹፌር እዚያው ይቆማል። በነሐሴ በፍሎሪዳ አንድ ከባድ መኪና ባልተፈቀደ ቦታ ሲዞር 3 ሰው ከሞተ በኋላ፣ መንግሥት የአገሪቱ ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን ሲዲኤል ለማጥበብ ተንቀሳቀሰ፤ ደንቡም ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ምልክት ማንበብና ከፖሊስ ጋር መነጋገር የደኅንነት ጉዳይ መሆኑ አያከራክርም፤ ይህን የሚጠይቅ ደንብ በራሱ ስሕተት የለውም። ነገር ግን የሹፌሩን ማንነት መመርመር የአሠልጣኙን ጥራት ከመመርመር ሊያዘናጋ አይገባም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ወደ 3,000 የሚጠጉ ማሠልጠኛዎችን ከፌዴራል መዝገብ ለማውጣት መነሣቱን፣ ሌሎች 4,500 ደግሞ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው ማስታወቁ፣ ማሠልጠኛው ራሱ «አሟልቻለሁ» ብሎ የሚመዘገብበት ሥርዓት ምን ያህል ክፍት እንደነበረ ያሳያል። በወገኖቻችን መካከል በጥቂት ቀን ፈቃድ ታወጣለህ የሚል ማስታወቂያ አምኖ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የዚህ ክፍተት የመጀመሪያ ተጎጂ ነው።

ሳይፈቱ የቀሩ ጥያቄዎች አሉ። ከተማሪው ጋር የሚቀመጠው አሠልጣኝ ለምን ያህል ጊዜ ቢቆይ ይበቃል? የክፍያና የሥልጠና ውጤት እንዴት ይለያያል? እነዚህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ጥሬ መረጃ ግን አብዛኛው ከወዲሁ እየተሰበሰበ ነው። አሁን ባለው ደንብ ማሠልጠኛው እያንዳንዱ ተማሪ መሪ ጨብጦ የተለማመደበትን ሰዓት ለመዝገቡ ያሳውቃል፤ የሹፌሮች አደጋም በሌላ መዝገብ ይገኛል። ሁለቱን አገናኝቶ የእያንዳንዱን ማሠልጠኛ ውጤት በይፋ ማውጣት፣ በ2016 «መረጃ የለም» ተብሎ የተዘጋውን ክርክር በመረጃ ሊከፍተው ይችላል። መረጃውን እየሰበሰበ ሳያገናኝ የሚቀጥል መሥሪያ ቤት፣ ነገም ማስረጃ የለም ብሎ ሊከራከር አይገባውም።

እስከዚያው ግን መጠበቅ የማያስፈልጋቸው እርምጃዎች አሉ። ከፈቃድ በኋላ ያለው ሥልጠናም አሠልጣኙ ቢያንስ የ2 ዓመት ልምድ እንዲኖረው ይጠይቅ፤ ከፈቃድ በፊት ለሚያስተምረው የተጠየቀ ነገር፣ አደጋው በሚብስበት ጊዜ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ተማሪው በሚነዳበት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ በተለይ ሌሊትና በረዶ ላይ፣ አሠልጣኙ የፊት ወንበር ላይ ነቅቶ ይቀመጥ፤ ለዚያ ሰዓትም በማይል ሳይሆን በሰዓት ይከፈለው። የማሠልጠኛ ዕዳ ውል፣ በደኅንነት ምክንያት አልነዳም ያለን ሠልጣኝ አያስገድድ። ወደ ሙያው ለመግባት ያሰበ ሰውም ኩባንያ ሲመርጥ ከመግቢያ ጉርሻው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከአሠልጣኝ ጋር ስንት ሳምንት እቆያለሁ፣ አሠልጣኜ የሚከፈለው በምንድን ነው፣ ብለቅ ስንት ዕዳ አለብኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ በግልጽ የማይመልስ ኩባንያ ስለ ሥልጠናው ጥራት የሚናገረው ሁሉ ገና ማረጋገጫ ይፈልጋል። ክፍያው ለመንዳት ብቻ ሆኖ ሳለ ለማስተማር የሚቆም አሠልጣኝ ቢገኝ በራሱ በጎነት ነው፤ የሕዝብ መንገድ ደኅንነት ደግሞ በግለሰብ በጎነት ላይ ሊመሠረት አይችልም።